ላሟን ሸጦ ወተት የሚፈልግ ከተማ

«ልጄ፣ እስቲ ይቺን አንብብልኝ» አሉኝ የቤት አከራዬ፣ አጣጥፈው በላስቲክ የያዙትን ወረቀት እየዘረጉ። የዓመቱ የጣሪያና ግድግዳ ግብር ነው። ቁጥሩን ነገርኳቸው። ትንሽ ዝም አሉና እንዲህ አሉኝ፦ «መሬቱ የመንግሥት ነው ይላሉ። ቤቱን የሠራሁት እኔ። ታዲያ በገዛ ቤቴ የምከፍለው ለምኑ ነው?» ቀጥለውም ሳቅ እያሉ፣ «እንግዲህ አንተም ላይ ትንሽ መጨመራችን ነው!»

እሳቸው ስቀዋል። እኔ ግን አልሳቅኩም።

እውነቱን ለመናገር እስከዚያ ቀን ድረስ የቤት ግብር የቤት ባለቤቶች ጣጣ ይመስለኝ ነበር። ቤት የለኝ፣ መሬት የለኝ፤ ምን አገባኝ? ጥያቄያቸው ግን ይዞኝ ከረመ። ስከታተለው ነገሩ ወደ አንድ ትልቅ ጥያቄ አመጣኝ፦ ከተማ የሚኖረው በምንድን ነው?

አዲስ አበባ እንደ ክልሎች ከፌዴራል መንግሥት የድጎማ በጀት አትጠብቅም። ወጪዋን በአብዛኛው የምትሸፍነው ራሷ ከምትሰበስበው ነው። ወጪዋ ደግሞ ቀላል አይደለም። ለ2017 የጸደቀው በጀቷ ከ230 ቢሊዮን ብር በላይ ነበር፤ ለ2018 ደግሞ ወደ 350 ቢሊዮን ብር ገደማ ከፍ ብሏል። ይሄ ገንዘብ ከነጋዴው ግብር፣ ከደመወዝ ላይ ከሚቆረጠው፣ ከአገልግሎት ክፍያና ከቤት ግብር ይመጣል። ከእነዚህ ጋር አንድ የተለየ ምንጭ አለ፦ መሬት።

የከተማ መሬት በ1967 በአዋጅ የመንግሥት ከሆነ ወዲህ መሸጥ መለወጥ የለም። ከ1986 ጀምሮ ግን በሊዝ ይሰጣል። ለመኖሪያ ቤት ከሆነ እስከ 99 ዓመት ማለት ነው። ውድድሩ የት ድረስ እንደሚሄድ ለማየት አንድ ቁጥር ይበቃል። በ2007 መርካቶ አካባቢ በወጣ ጨረታ ለአንድ ካሬ ሜትር 305 ሺህ ብር ዋጋ ቀርቦ አገር ጉድ ብሎ ነበር። አንድ ካሬ ማለት እኮ ፍራሽ እንኳን በወጉ የማይዘረጋበት ቦታ ነው!

ለከተማ አስተዳደር ይሄ ገንዘብ ጣፋጭ ነው። ከየቤቱ እየዞሩ መሰብሰብ የለበትም፤ ጨረታ ማውጣት ብቻ ነው። ችግሩ መሬት አይወልድም። ዛሬ በሊዝ የተሰጠ ቦታ ነገ እንደገና ለጨረታ አይቀርብም። መንገዱ ግን በየዓመቱ ይቆፈራል፣ ቆሻሻው በየቀኑ ይነሳል፣ የአስተማሪው ደመወዝ በየወሩ ይከፈላል። የዘላለም ወጪን በአንድ ጊዜ ገቢ መሸፈን ላሟን ሸጦ ወተት እንደመፈለግ ነው።

ሌላም መዘዝ አለው። መሬት በመስጠት የሚኖር ከተማ ሁሌም አዲስ መሬት ያስፈልገዋል። ያ መሬት ደግሞ ባዶ አይደለም። መሀል ከተማ ከሆነ ነባር ሰፈር አለበት፤ ዳር ከሆነ ገበሬ ያርስበታል። የበጀት ጉዳይ ነው ስንል የቆየነው ነገር ዞሮ ዞሮ የሰው ጎጆ ጉዳይ ይሆናል።

«ታዲያ አይበደርም?» ትሉ ይሆናል። ይበደራል። ኮንዶሚኒየሞቹ ሲሠሩ ከተማዋ ለኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ቦንድ እየሸጠች ነው ገንዘብ ያገኘችው። ብድርም ግን ተመላሽ ነው፤ ቋሚ ገቢ ለሌለው ደግሞ ማን ያበድራል? አንዳንዴ ገቢ ቢኖርም አይበቃም። የሴኔጋል ዋና ከተማ ዳካር በ2015 እ.ኤ.አ. 20 ቢሊዮን ሴፋ ፍራንክ የሚያወጣ ቦንድ ለመሸጥ ዓመታት ተዘጋጅታ ነበር። ገንዘቡ ለጎዳና ነጋዴዎች ገበያ መሥሪያ ነበር። ሽያጩ ሊጀመር ቀናት ሲቀሩት ማዕከላዊው መንግሥት አስቆመው።

እንግዲህ የቀረው በየዓመቱ የሚከፈል የቤት ግብር ነው። ሐሳቡ ቀላል ነው። ቤት አይሸሽም፣ አይደበቅም። ከተማው በደጃፍህ አስፋልት ሲያነጥፍ የቤትህ ዋጋ ይጨምራል፤ ከጨመረው ላይ ትንሽ ለከተማው ትመልሳለህ። በዚያ ደግሞ የሌላው ሰፈር መንገድ ይሠራል። ለአከራዬ ጥያቄ መልሱ ይሄ ነበር።

እስከ ቅርብ ጊዜ የነበረው የጣሪያና ግድግዳ ግብር መሠረቱ በ1968 የወጣ አዋጅ ነው፤ ቤቱ ቢከራይ በዓመት ያወጣል ተብሎ በሚገመተው ላይ ይሰላል። በጥር 2017 ፓርላማው ያጸደቀው የንብረት ታክስ አዋጅ ግን ስሌቱን ወደ ንብረቱ ዋጋ አዞረው። ግብሩ የሚሰላው ከዋጋው 25 በመቶው ላይ ነው፤ መጣኔው ለሕንፃ ከ0.1 እስከ 1 በመቶ ይደርሳል። ለምሳሌ 10 ሚሊዮን ብር የሚገመት ቤት ቢኖራችሁ የሚታሰበው በ2.5 ሚሊዮኑ ላይ ነው። በዝቅተኛው 2,500 ብር፣ በከፍተኛው 25,000 ብር በዓመት ማለት ነው። መሬቱን የመጠቀም መብት ደግሞ ለብቻው ይሰላል።

በወረቀት ላይ ያምራል። ግን አከራዬን ተመልከቱ። ቤታቸው ዛሬ ሚሊዮኖች ያወጣል፤ ኪሳቸው ውስጥ ግን ያለው ጡረታና የእኔ ኪራይ ነው። የሰፈሩ ዋጋ ስለናረ እሳቸው ሀብታም አልሆኑም። ዋጋ ብቻ አይቶ አቅም የማያይ ግብር እንዲህ ያሉ እናቶችን ያሳድዳል፤ አለዚያም ወደ ተከራይ ይዞራል። በ2016 የወጣው የቤት ኪራይ ቁጥጥር አዋጅ ጭማሪው በዓመት አንዴ ብቻ፣ ያውም ተቆጣጣሪው አካል በሚወስነው ልክ እንዲሆን ያዛል። ቢሆንም በተግባር ስንቶቻችን ነን አዋጅ ጠቅሰን ከአከራያችን ጋር የምንሟገት?

የሴራሊዮን ዋና ከተማ ፍሪታውን የሄደችበት መንገድ እዚህ ላይ ያስተምራል። በ2020 እ.ኤ.አ. ከተማዋ በሳተላይት ምስል ታግዛ ቤቶቿን ቆጠረች። መዝገብ ላይ የነበሩት 57 ሺህ ገደማ ነበሩ፤ ሲቆጠሩ ወደ 120 ሺህ ሆኑ። ለየቤቱም ከውጭ በሚታይ ነገር፣ በጣሪያው፣ በግድግዳው፣ በመንገዱ ነጥብ ሰጠች። የቪላው ግብር ጨመረ፣ የቆርቆሮ ቤቱ ቀነሰ። መንገዱ አልጋ በአልጋ አልነበረም፤ የማዕከላዊ መንግሥቱ መሥሪያ ቤት አሰባሰቡን ለወራት አስቁሞት ነበር። የእኔ ትምህርት ግን ይሄ ነው፦ ሰው የሚሸሸው ግብርን ብቻ አይደለም፤ ጎረቤቱ የማይከፍለውን ግብር ነው።

ስለዚህ ከተማችን ከመሬት ጨረታ ወደ ግብር መዞሯን እደግፋለሁ፤ ተከራይ ሆኜም። ግን በነፃ አይደለም። የቤቱ ግምት እንዴት እንደተሰላ ለባለቤቱ ይነገረው። ተሳስቷል ብሎ የሚያቀርበው አቤቱታ የሚሰማው ጆሮ ያግኝ። አቅም የሌለው ጡረተኛ ይታሰብለት። ከሁሉም በላይ ደግሞ በየወረዳው ምን ያህል ተሰብስቦ ምን እንደተሠራበት በየዓመቱ ስልካችን ላይ ይምጣ። ለመክፈል በሞባይል የምንደረስ ከሆነ፣ ለመስማትም በሞባይል መደረስ አለብን።

አከራዬ ከፈሉ። ደረሰኙን እዚያችው ላስቲክ ውስጥ አጥፈው ከተቱ። የገባኝን ያህል ካስረዳኋቸው በኋላ ወደ ውጭ በእጃቸው አመለከቱኝ። ክረምት በመጣ ቁጥር ጎርፍ የሚሞላው የበራችን ቦይ ነው።

«ይሁን፣ እከፍላለሁ» አሉ። «ግን እሱን እቆጥረዋለሁ።»