ስለ በረዶ ናዳ አደጋ አመዛዘን

በአማርኛ «በረዶ» የሚለው ቃል በክረምት ከደመና እንደ ጠጠር ለሚወርደውም፥ በቀዝቃዛ አገር እንደ ባዘቶ ተነጥፎ ለወራት ለሚቈየውም ይነገራል። ለሁለተኛው «አመዳይ» የሚለውን ብንለይለት መልካም በሆነ ነበር፤ ዳሩ ግን በንግግር ልማድ ስላልጸና፥ በዚህ ጽሑፍ በረዶ ሲባል ሁለተኛው መሆኑን አንባቢ ይወቅልኝ። ናዳ የሚነሣው በረዶው እጅግ ሲበዛ ነው የሚለው የብዙ ሰው ግምት ሐሰት ባይሆንም ግማሽ መልስ ብቻ ነው።

በስዊስ አገር፥ በዳቮስ ከተማ አጠገብ ባለው በቫይስፍሉዮኅ ተራራ ላይ፥ መርማሪዎች ከ1936 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በረዶን ሲመረምሩ ኖረዋል። ከ1950 እስከ 1951 እ.ኤ.አ. በነበረው የብርድ ወራት በዚያች አገር ብቻ 98 ሰዎች በናዳ ሞቱ። ከዚያ ወዲህ ከመንደሮች በላይ የብረት አጥር ተተከለ፤ አደገኛው ስፍራም በካርታ ተለየ። በ1999 እ.ኤ.አ. በአውስትሪያ ጋልቱር በምትባል መንደር 31 ሰዎች መሞታቸው ባይካድም፥ ዛሬ በአልፕስ ተራሮች ከሚሞቱት የሚበዙት ከተዘጋጀው መንገድ ወጥተው በስኪ የሚሄዱ ናቸው። ከእነዚህም ከአሥሩ ዘጠኝ ያህሉን የገደለውን ናዳ ያስነሡት ራሳቸው ወይም ጓደኞቻቸው ናቸው።

ምክንያቱ ከበረዶው ውስጥ ይገኛል። በረዶ እንደ መጽሐፍ ገጽ በየጊዜው ተደራርቦ የተቀመጠ ንጣፍ ነው። ከመሬት አጠገብ ያለው ክፍል ወደ 0 ዲግሪ ሲጠጋ ላዩ ግን በብርድ ይደርቃል። በረዶው ስስ ብርዱም ጽኑ ከሆነ፥ በአጭር ርቀት ውስጥ የሙቀቱ ልዩነት ትልቅ ይሆናል፤ እንፋሎትም ከታች ወደ ላይ እየወጣ ቅንጣቶቹን ይለውጣቸዋል። ቅንጣቶቹ እየተለቁ ማዕዘን ያወጣሉ፥ እርስ በርሳቸውም አይያያዙም፤ በእጅ ቢዘግኑት እንደ ስኳር ይፈስሳል። እንግዲህ በወራቱ መጀመሪያ የወረደው ጥቂት በረዶ ከብዙው ይልቅ ክፉ መሠረት ሊሆን ይችላል ማለት ነው! በኋላ ነፋስ አዲስ በረዶ አምጥቶ ሲጭንበት፥ ከላይ እንደ ሰሌዳ የጠነከረ፥ ከታች የላላ ነገር ይፈጠራል። የአንድ ሰው ክብደት ያን ደካማ ንጣፍ ሲሰብረው ስብራቱ በቅጽበት በስፋት ይሮጥና ሰሌዳው በሙሉ ይንሸራተታል።

ስለዚህ ተጓዡ አስቀድሞ የቁልቁለቱን ማዕዘን ይለካል፤ ሰሌዳ የሚናደው አብዛኛውን ጊዜ ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ባለው ላይ ነው። በአቅራቢያው አዲስ ናዳ መውረዱን፥ ከእግሩ ሥር ስንጥቅ መሮጡን፥ በረዶው «ዉምፍ» ብሎ መስጠሙን ያስተውላል። በአካፋ ቆፍሮም እያንዳንዱ ጎኑ 30 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ዓምድ ለይቶ ያቆማል፤ ከላዩ ላይ አካፋውን አኑሮ 10 ጊዜ ከእጅ አንጓ፥ 10 ጊዜ ከክርን፥ 10 ጊዜ ከትከሻ ይመታዋል። በጥቂት ምት ንጣፉ ተቈርጦ ቢንሸራተት ምልክቱ ግልጽ ነው። ባይንሸራተት ግን እንደ ፈቃድ መቍጠር አይገባም፤ ጥቂት እርምጃ ራቅ ብሎ ያለው በረዶ ሌላ ጠባይ ሊኖረው ይችላልና። በእኔ አስተያየት ከዓምዱ ይልቅ የማዕዘኑ ልክ ይታመናል፤ ተራራው አይለዋወጥምና።

በአውሮፓ ከ1993 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አደጋው በአምስት ደረጃ ይነገራል። በስዊስ ከሚሞቱት ግማሽ ያህሉ የሚሞቱት 3ኛው ደረጃ በታወጀበት ቀን ነው። በ4ኛው ብዙ ሰው ከቤቱ ይቀራል፤ 3ኛው ግን ከመካከል ስለ ተቀመጠ መጠነኛ ይመስላል፥ ምንም እንኳ አደጋው ከደረጃ ወደ ደረጃ በእኩል ሳይሆን በእጥፍና ከዚያም በላይ የሚጨምር ቢሆን።

የተቀበረ ሰው በሕይወት የመገኘቱ ተስፋ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ካለፈ በኋላ በፍጥነት ይወድቃል፤ የነፍስ አድን ሠራተኞች ከሸለቆው እስኪወጡ ይህ ጊዜ አይበቃም። የሚያወጡት አብረውት ያሉት ናቸው። ስለዚህ እያንዳንዱ የሬዲዮ ምልክት ማስተላለፊያ፥ ረጅም መፈለጊያ ዘንግና አካፋ ይይዛል፤ አጠራጣሪውን ቁልቁለትም አንድ በአንድ ይሻገራሉ፥ የቀሩትም ከጥግ ቆመው የሚሻገረውን በዓይናቸው ይከተላሉ።