መዝገባችን በ49 ዓመት ስለሚዘጋባቸው እናቶች

በቡሬና በዙሪያዋ ባሉት ቀበሌዎች፣ ይልቁንም ወደ ዓባይ ሸለቆ በሚያዘቀዝቀው ቆላ፣ ክረምቱ ከወጣበት ጊዜ አንሥቶ ወባ የሚበረታበት ወራት ስለሆነ፣ በዚያን ሰሞን ወደ ጤና ጣቢያ መጥታ «ሌሊት ሌሊት ያነደኛል፣ ላቡም ልብሴን ያረጥበዋል» የምትል እናት ስትገኝ ከሁሉ አስቀድሞ የሚታሰበው ወባ ነው፤ ደሟ ተመርምሮ ወባ የታጣበት እንደ ሆነ ታይፎይድ ይባላል፤ ለታይፎይዱ የተሰጣት መድኃኒት አልቆ ሙቀቱ ሳይለቃት ሲቀር ደግሞ ጨጓራ ነው፣ ነርቭ ነው እየተባለ ከአንዱ ክሊኒክ ወደ ሌላው ስትመላለስ ለማዳበሪያ የተቀመጠው ገንዘብ ያልቃል። በጤና መኰንንነት በማገለግልበት ክፍል እንዲህ ያሉ እናቶች ሲመጡ ብዙ ጊዜ የማገኘው ነገር ተመሳሳይ ነው፤ ቴርሞሜትሩ ትኩሳት አያሳይም፣ ዕድሜያቸው በ45ና በ55 መካከል ነው፣ ልማደ አንስታቸውም ወይ ተዛብቷል ወይ ቀርቷል፤ ነገር ግን ስለ ወር አበባቸው እስከዚያ ቀን ድረስ የጠየቃቸው ሰው አልነበረም።

በሥርዓተ ተፈጥሮ፣ ዕድሜ እየገፋ ሲሄድ በማኅፀን ግራና ቀኝ ያሉት የእንቁላል ዕጢዎች ኤስትሮጅን የሚባለውን ሆርሞን አንድ ጊዜ አብዝተው አንድ ጊዜ አሳንሰው እያመነጩ ጥቂት ዓመታት ይቈዩና በመጨረሻው ያቆማሉ፤ የወር አበባ 12 ወር ሙሉ ሳይታይ የቀረ እንደ ሆነም ሴቲቱ አርጣለች ይባላል። በዚህ መዋዕል ውስጥ አንዷን ሙቀቱና ላቡ እንቅልፍ ሲነሳት፣ ሌላዪቱን መገጣጠሚያዋን ይቈረጥማታል፤ ሌላዪቱ ብልቷ ደርቆ ከባሏ ጋራ መተኛት ሥቃይ ይሆንባታል፤ አንዳንዷም ያለ ምክንያት ሆድ ይብሳታል፤ ምንም ሳይሰማት የምታልፈውም አለች።

በእኛ አገር ማረጥ እንደ ዕረፍት የሚታይበትም ወገን እንዳለ መዘንጋት አይገባም፤ ልማደ አንስት የቀረላት እናት ቀን ሳትቈጥር ቤተ ክርስቲያን ትገባለች፣ ሥጋ ወደሙን ትቀበላለች፣ ባሏ የሞተባትም ቆብ ደፍታ በጸሎት ትኖራለች። ይህን ክብር አከብራለሁና ያረጠችውን ሁሉ ታማሚ ነሽ ማለትን አልወድም። ሆኖም የምትሠቃየዋን ዝም የሚያሰኛት ይኸው ክብር ነው፤ በዚህ ዕድሜ ስለ መኝታዋ መናገር ነውርም ኃጢአትም መስሎ ስለሚታያት፣ «ልጄ፣ ወገቤን ነው» ብላ ክኒን ተቀብላ ትሄዳለች። ስለዚህ በሩ ተዘግቶ፣ ሰው ከክፍሉ ወጥቶ፣ ጊዜ ተሰጥቷት ካልተጠየቀች በቀር እውነቱ አይወጣም።

ደግነቱ ይህ ጥያቄ መሣሪያ አይፈልግም። የእንግሊዝ አገር የሕክምና መመሪያ አውጪ ተቋም በ2008 ዓ.ም. እንደ ወሰነው፣ ከ45 ዓመት በላይ የሆነችው ሴት ማረጧ በታሪኳ ይታወቃል እንጂ የሆርሞን የደም ምርመራ አያስፈልጋትም። በገጠር ዕድሜ ራሱ በዓመተ ምሕረት ስለማይቈጠር፣ «እናቴ፣ የመጀመሪያ ልጅዎን የወለዱት ከመሬት ሽግሽጉ በፊት ነው ወይስ በኋላ?» ብዬ ሽግሽጉ ከተደረገበት ከ1989 ዓ.ም. እነሣለሁ። ቀጥሎ የሚጠየቀው የሦስት ወሩ የወሊድ መከላከያ መርፌ ነው፤ መርፌው የወር አበባን ስለሚያስቀር፣ የምትወጋዪቱ እናት ሳታርጥ ያረጠች መስሏት ትተወውና በ46 ዓመቷ ልታረግዝ ትችላለች። በደጋው የምናየው እንቅርትም አንዳንድ ጊዜ ሙቀትና የልብ ትርታ ያመጣልና አንገቷ ይዳሰሳል፤ ሳል ካላት የሳንባ ነቀርሳ ይመረመራል።

ለሙቀቱ ስለሚሰጠው የሆርሞን መድኃኒት የሚነገረው ፍርሃት ከሩቅ የመጣ ነው። በ1994 ዓ.ም. በአሜሪካ በ16,608 ሴቶች ላይ ይደረግ የነበረ ታላቅ ጥናት፣ ኤስትሮጅንና ፕሮጄስቲን አብረው ሲሰጡ የጡት ካንሰርንና የደም መርጋትን ይጨምራሉ ተብሎ በመካከሉ ስለ ተቋረጠ፣ በየአገሩ ሐኪሙም ሴቱም ከሆርሞኑ ሸሸ። የእነዚያ ሴቶች አማካይ ዕድሜ 63 እንደ ነበረ ግን ብዙ ሰው ልብ አላለውም። በኋላ ነገሩ በዕድሜ ተከፍሎ ሲመረመር፣ ከ60 ዓመት በታች ለሆነች ወይም ካረጠች 10 ዓመት ላልሞላት፣ ሙቀቱም ለጸናባት ሴት፣ የሚከለክላት ሌላ ደዌ ከሌለ ጥቅሙ እንደሚያመዝን ታወቀ። ማኅፀን ያላት ኤስትሮጅንን ለብቻው አትወስድም፤ የጡት ካንሰር፣ የደም መርጋት ወይም የጉበት በሽታ ያለባት ፈጽሞ ትከለከላለች፤ ለእርሷ ለድባቴ ከሚሰጡት መድኃኒቶች አንዳንዶቹ ሙቀቱን ያበርዱላታል። ስለዚህ ሆርሞኑ ከጎረቤት ተውሶ የሚወሰድ መድኃኒት አይደለም።

ምክሩም እንደ ሴቲቱ ኑሮ መሆን አለበት። ቀኑን በምጣድ ፊት ለምትውለው እናት የእሳቱ ግለት ራሱ ሙቀቱን ይቀሰቅሰዋልና እንጀራውን ማለዳ በብርዱ እንድትጋግር፣ በርበሬውንና አረቄውን እንድትቀንስ እነግራታለሁ፤ የዓመቱን እኩሌታ ያህል ለምትጾመው ደግሞ፣ አጥንት ከማረጥ በኋላ ስለሚሳሳ፣ በወተት ፈንታ ጎመንና ሰሊጥ እንዳይጎድልባት አሳስባታለሁ።

ያረጠች ሴት ከዓመት በኋላ ደም ያየች እንደ ሆነ ግን፣ «ወር አበባዬ ተመለሰ» ብላ ብትደሰትም፣ የማኅፀን ካንሰር እንዳይሆን በዚያው ሳምንት ወደ ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል መላክ ይገባታል። እዚህ ላይ ነው ሥርዓታችን የሚጎድለው፤ የማኅፀን በር ካንሰር ቅድመ ምርመራችን ከ30 እስከ 49 ዓመት ላሉት ነው፣ በ2008 ዓ.ም. የተደረገው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናትም የጠየቀው ከ15 እስከ 49 ዓመት ያሉትን ሴቶች ነበር። መውለድ ያቆመችው የ50 ዓመት እናት በቤተሰብ ዕቅዱም በእርግዝና ክትትሉም መዝገብ አትገኝም። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በየቤቱ ሲዞሩ እናቲቱን የወር አበባዋ መቼ እንደ ቀረና ከዚያ ወዲህ ደም አይታ እንደ ሆነ እንዲጠይቋት፣ መልሱም በቤተሰቡ ማኅደር ላይ በአንድ መስመር እንዲጻፍ፣ ለወረዳችን ጤና ጽሕፈት ቤት ኃላፊዎች በዚህ ጽሑፍ አመለክታለሁ።