የቆየ የጀልባ ሞተር አልነሳ ሲል፦ ችግሩ ከላይ ሳይሆን ከታች ነው

እንግሊዝ አገር ባሉ የቆዩ ትንንሽ የሸራ ጀልባዎች ውስጥ ስቱዋርት ተርነር ፒ5 የሚባል ሞተር ይገኛል። ሄንሊ ኦን ቴምዝ በምትባል ከተማ የተሠራ፣ አንድ ሲሊንደር ያለው ቱ-ስትሮክ (ባለ ሁለት ምት) ሲሆን ጉልበቱ 5 የፈረስ ጉልበት ነው። ነፋስ ሲጠፋ ጀልባዋን ወደብ የሚያደርሳት እሱ ነው።

ለዓመታት ቆሞ የነበረውን ሊያድስ የተነሳ ሰው ካንዴላ ይቀይራል፣ ካርቡሬተር ያጥባል። ሞተሩ ግን እምቢ ሊል ይችላል። ለምን?

ቱ-ስትሮክ፣ ልክ እንደ ድሮ ቬስፓ፣ ቤንዚንና አየሩን መጀመሪያ የሚያስገባው ከፒስተኑ በታች፣ ዘንጉ ወደሚዞርበት ክፍል ነው። ፒስተኑ ሲወርድ ድብልቁን ጨምቆ ወደ ላይ ይገፋዋል። ስለዚህ ክፍሉ አየር ማሳለፍ የለበትም። በዘንጉ ጫፎች ያሉት ማሸጊያዎች ካረጁ አየር ሾልኮ ይገባል፤ ከቤንዚኑ አየሩ ይበዛል። ሞተሩ አይነሳም፤ ቢነሳም ከመጠን በላይ ይሞቃል።

ቅደም ተከተሉ ይሄ ነው፦

1. ፒስተኑ ከተጣበቀ በመዶሻ አትምቱት። በካንዴላው ቀዳዳ ዘይት አፍስሱና ለቀናት ተዉት።
2. ማሸጊያዎቹንና ጋስኬቶቹን ቀይሩ።
3. የማቀዝቀዣ ውሃው የሚያልፍበትን መስመር ከጨውና ከዝገት አጽዱ።
4. ቤንዚኑ ላይ ዘይት መቀላቀል አትርሱ፤ ፒስተኑ ሌላ ቅባት የለውም።

ከሁሉም በላይ ግን ለራሳችሁ ተጠንቀቁ። የቤንዚን ትነት ከአየር ስለሚከብድ ጀልባው ወለል ስር ይጠራቀማል፤ ለፍንዳታ አንዲት ብልጭታ ትበቃለች። ከማስነሳታችሁ በፊት ክፈቱት፣ አናፍሱት፣ አሽትቱት። ከሸተታችሁ ቁልፉን እንዳትነኩ!