የጉማራ ነጭ ዓሣና ዝግመተ ለውጥ

ዝግመተ ለውጥ ከተነሣ ወሬው ወዲያው ወደ ዝንጀሮ ይሮጣል። ማስረጃ ሲጠየቅ ደግሞ የምትጠራው ሉሲ ናት። ለወረታ ሰው ግን ሉሲ የተገኘችበት ሐዳር ሩቅ ነው፤ የጉማራ ወንዝ ቅርብ ነው።

ክረምት ሲገባ ከጣና ሐይቅ ወደ ጉማራና ወደ ርብ ወንዞች ሽቅብ እየወጣ ጠጠር ላይ እንቁላሉን የሚጥል ዓሣ አለ። አስጋሪው ነጭ ዓሣ ይለዋል፤ ተመራማሪዎች ላቤኦባርበስ። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የኔዘርላንዱ ዋገኒንገን ዩኒቨርሲቲ አጥኚዎች አፉን፣ ራሱንና ምግቡን እያነጻጸሩ በጣና 15 ዓይነት ለዩ። አንዱ ወፍራም ከንፈር አለው፣ አንዱ ቀንድ አውጣ ይፈጫል፤ ስምንቱ ሌላ ዓሣ ይበላሉ።

የሚገርመው እነዚህ ስምንቱ ናቸው። የዚህ ዓሣ ወገን መንጋጋው ላይ ጥርስ የለውም፤ ያለው ጉሮሮው ውስጥ የሚፈጭ ጥርስ ነው። ለአዳኝ የማይመች አፍ ስለሆነ በሌላ አገር ከዚህ ወገን ዓሣ በል የሚሆነው ጥቂት ነው። ጣና ላይ ግን ቦታው ክፍት ነበር፦ 40 ሜትር ገደማ የሚወርደው የጢስ ዓባይ ፏፏቴ እንደ ናይል ፐርች ያሉትን ጥርሳም አዳኞች ከታች አስቀርቷቸዋል። ስለዚህ የመንጋጋ ጥርስ የሌለው ላቤኦባርበስ አደኑን ያዘው፤ የሚውጠውም ትንንሹን ነው። አዳኝ ለአደን ብቻ ተብሎ የተሠራ ቢሆን ጥርስ ባልተነፈገ ነበር ብዬ አስባለሁ። ከአያቱ የወረሰውን አካል ቀስ በቀስ እየለወጠ የመጣ ከሆነ ግን ነገሩ ግልጽ ነው።

ዲኤንኤውም ይህንኑ ይናገራል። መልካቸው እንዲያ የተራራቀ ዓሦች በዘር ግን እጅግ ተቀራራቢ ናቸው፤ ይህ በቅርብ ጊዜ የተለያዩ ዘመዳሞች ምልክት ነው። ጊዜው ምን ያህል ቅርብ ሊሆን እንደሚችል ለመገመት፣ ከሐይቁ ወለል የወጣው ደለል ጣና ደርቆ እንደነበረና ዳግም የሞላው ከ15 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት መሆኑን ያሳያል።

አብረው እየኖሩ ለምን አይደባለቁም? ወደ ጉማራ የሚወጡት ሁሉም በአንድ ጊዜ፣ ወደ አንድ ገባር አይገቡም። ጭራሽ ወንዝ የማይወጡ፣ እዚያው ሐይቁ ውስጥ የሚራቡ እንዳሉም ይታሰባል።

ወንዝ የሚወጡት ግን እንቁላል ሊጥሉ ሲሰበሰቡ የወንዙ አፍ ላይ መረብ ይጠብቃቸዋል። ከ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ቁጥራቸው ክፉኛ ያሽቆለቆለበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።