የሱስ ሕክምና በር ለማን ይከፈታል?

በአሜሪካ በአደንዛዥ ዕፅ ወይም በመጠጥ ሱስ ከተያዙ ታዳጊዎች አብዛኞቹ ሕክምና አያገኙም። ጥቁሮችና የላቲን አሜሪካ ዝርያ ያላቸው ደግሞ ከነጭ እኩዮቻቸው ያነሰ ያገኛሉ። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ሰፊ ጥናት እንዳሳየው፣ ሄሮይንንና ጠንካራ የሕመም ማስታገሻዎችን ለምደው ሱሰኛ ከሆኑ ወጣቶች የሱስ ማከሚያ መድኃኒት ያገኙት ከ4ቱ 1 ያህል ብቻ ሲሆኑ፣ በዚህም ነጮቹ ይበልጣሉ። ነገሩ እኛንም ይመለከታል፤ በዚያ አገር መዝገብ ትውልደ ኢትዮጵያውያን ልጆች በአብዛኛው «ጥቁር» ተብለው ይቆጠራሉና።

ምክንያቱ የጥቁር ልጆች ይበልጥ ዕፅ መጠቀም አይደለም። የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ከ1975 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በየዓመቱ ባካሄደው የተማሪዎች ጥናት፣ ጥቁር የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ለረጅም ዘመን ከነጮቹ ያነሰ መጠቀማቸው ተመዝግቧል። ልዩነቱ ያለው በመግቢያው በር ነው። በቂ የጤና መድን ያለውና ሐኪም የሚያውቅ ቤተሰብ ልጁን ቀድሞ ያሳክማል። ይህ የሌለው ግን ብዙ ጊዜ ፍርድ ቤት እስኪያዝዝ ድረስ ይዘገያል። በፍርድ የተላከ ልጅም ሕክምናውን እንደ ቅጣት ሊቈጥረው ይችላል።

በእኛ ቤተሰቦች ላይ ቋንቋና እፍረት ይጨመራሉ። ስለዚህ የሰበካ ጉባኤያትና ካህናት፣ እንዲሁም ከውጭ በስልክ ምክር የሚጠየቁ የንስሐ አባቶች፣ ሦስት ነገሮችን ለወላጆች ቢያስረዱ ይጠቅማል።

አንደኛ፣ የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል የሕክምና ተቋም እ.ኤ.አ. በ1964 በወጣው የሲቪል መብቶች ሕግ መሠረት የቋንቋ እርዳታ የማቅረብ ግዴታ አለበት። ስለዚህ ታማሚው ልጅ ለገዛ ወላጆቹ አስተርጓሚ ሊሆን አይገባም።

ሁለተኛ፣ የሱስ ሕክምና መዝገብ በልዩ የፌዴራል ሕግ የተጠበቀ ነው፤ ሕጉ ከሚፈቅዳቸው ውሱን ሁኔታዎች በቀር ያለ ፈቃድ ለሌላ አይሰጥም።

ሦስተኛ፣ ጸሎትና ሕክምና አይጋጩም። በ1999 ዓ.ም. ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ምእመናን ጠበል እየተጠመቁ የኤች አይ ቪ መድኃኒታቸውንም እንዲወስዱ ማስተማራቸው ይታወሳል። ያው ትምህርት ለሱስ ታማሚም ይሠራል።

ልጁ በዳኛ ትእዛዝ ሳይሆን በወላጁ እጅ ተይዞ ወደ ሐኪም እንዲሄድ፣ ወላጅ አስቀድሞ ያለ እፍረት የሚያማክረው ሰው ያስፈልገዋል። ያ ሰው በየአጥቢያው አለ።