ምክር በስልክ ለይፋት ቆላ ገበሬ

በሸዋ ሮቢትና በይፋት ቆላ ማሽላ የሚያመርት ገበሬ አቀንጭራን ሳያብብ ካልነቀለ፣ ዘሩ አፈር ውስጥ ለዓመታት ይቆያል። ምክር በወቅቱ መድረስ ያለበትም ለዚህ ነው። መንግሥት ይህንኑ ችግር ለማቃለል በ2006 ዓ.ም. 8028 የተባለውን ነፃ የስልክ መስመር ከፈተ። ደዋዩ ቋንቋውንና ሰብሉን ቁጥር በመጫን መርጦ፣ ከመሬት ዝግጅት እስከ አጨዳ ያለውን ምክር እንዲያዳምጥ ተደረገ። ምክሩ በድምፅ በመሆኑ ፊደል ላልቆጠረም ያገለግላል።

ሆኖም እንዲህ ያለ ምክር የሚደርሰው ስልክ ላለው ነው። ስልኩ በባል ኪስ ከዋለ፣ ማሳውን የምታርመው ሚስት ሳትሰማ ትቀራለች። ስለዚህ የገበሬው መሪዎች ምክሩን በስብሰባ ማሰማት፣ ስልክ የሌለውን ካለው ጎረቤት ጋር ማገናኘት፣ ሴቶችም ራሳቸው እንዲደውሉ መቀስቀስ ይጠበቅባቸዋል። ይህም አቀንጭራው ሳያብብ መሆን አለበት።