ነዳጅ ሲሰጠው የሚጠፋ ሞተር

ካርቡራተር ያለው አሮጌ መኪና ቆሞ ሲሠራ ደህና ሆኖ ነዳጅ ሲሰጠው ከጠፋ፣ አብዛኛውን ጊዜ ቤንዚን አጥሮታል። ከፍኖተ ሰላም ወደ ፈረስ ቤት ባለው ዳገት ሞተሩ ብዙ ቤንዚን ይፈልጋል፤ የተደፈነ ፊልትሮ ወይም የደከመ ፓምፕ ግን አያደርስለትም።

ምርመራው ከቀላሉ ይጀምራል። የነዳጅ ታንከሩ ክዳን ሲላላ ሞተሩ ከተሻለው፣ የታንከሩ የአየር መግቢያ ተደፍኗል። ቀጥሎ ፊልትሮው ይታያል። ከዚያ ሞተሩ ጠፍቶ ሲቀዘቅዝ የአየር ማጣሪያው ይነሳና የነዳጅ ፔዳሉ ይረገጣል፤ ካርቡራተሩ ውስጥ ቤንዚን በቀጭኑ ካልተረጨ የማፍጠኛው ፓምፕ አይሠራም።

ካንዴላም ይመሰክራል፤ ጫፉ ከነጣ ነዳጅ አንሶታል፣ ጥላሸት ከያዘ በዝቶበታል። ደጋ ላይ አየሩ ስለሚሳሳ ቆላ የተስተካከለ ካርቡራተር ነዳጅ ያበዛል። ነዳጁ ተስተካክሎም ከጠፋ፣ ቦቢናውና የካንዴላ ሽቦዎቹ ይፈተሻሉ።